«በጾም ነህ?» ያለችኝ ነርስ

በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ከጠረጴዛው ኋላ የነርቭ ሐኪሟ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይበልጥም፣ ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ ሰክታበታለች። በስተግራዋ ወይዘሮ ዝናሽ፣ የእኛን ሰው ቋንቋ ለሐኪም የምታስተረጉም፣ የጎንደር ሴት። በበሩ በኩል እናቴ ይታይሽ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ከእሷ ቀጥሎ ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ፈረደ፣ በመኪናው ያመጣን እሱ ነው፤ ኪፓውን፣ የአይሁድ የራስ ቆቡን፣ በግራ እጁ እየነካካ ቆሟል። አምስተኛው እኔ ነኝ። ማስረሻ እባላለሁ። የምርመራው አልጋ ላይ ባዶ እግሬን ተቀምጬ ነበር።

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ እንደ እኔ ዓይነት አመጋገብ ላለው ሰው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ነው። ስሜን አልደበቅሁም፤ ማወቅ የማይገባው ሁሉ አውቆታል።

ወደዚህ አገር፣ ወደ እስራኤል፣ ስመጣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የመጣነው እኔና እናቴ ነን። እህቴ ብርቄ አግብታ ስለነበር የመግቢያ ፋይሏ ከእኛ ተለየና ጎንደር ቀረች። የእናቴ አያቶች ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ኋላ ክርስትና ተነሡ፤ እኛም ማተብ አስረን አደግን። እዚህ ስንደርስ ወደ አይሁድነት የመመለሻውን ትምህርት ተማርን፤ መጨረሻ ላይ ውሃ ውስጥ ገብተን የሚባለውን አልን። እናቴም አለች፣ እኔም አልሁ። ማተቤን ከዚያ በፊት ባለው ቀን በገዛ እጄ በጥሼ ኪሴ ውስጥ ከትቸው ነበር። ልቤ ግን አፌ ያለውን አላለም። ክርስቶስን በውሃ ውስጥ ካድሁት ብዬ ብዙ ቀን አልቅሻለሁ።

ከዚያ አንድ ነገር ወሰንሁ፤ በአፌ የካድሁትን በሆዴ እጠብቃለሁ አልሁ። በእኛ አገር ሰው የማን እንደሆነ የሚታወቀው በሚበላው ሥጋ ነው። ክርስቲያን የክርስቲያንን እርድ፣ እስላም የእስላምን፣ ቤተ እስራኤልም የራሱን ይበላል እንጂ አንዱ የሌላውን አይነካም። እዚህ ደግሞ የሚሸጠው ሁሉ የአይሁድ እርድ ነው። ስለዚህ ሥጋ ተውሁ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም ሲመጣ ወተትና እንቁላልም ተውሁ። እንደዚህ ሆኜ አምስት ዓመት ኖርሁ።

ለማንም አልተናገርሁም። በብርቄ ፋይል ላይ ቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል ብሎ የመሰከረው ጋሼ ፈረደ ነው። ገዴራ የሚኖር፣ ሰንበት የሚያከብር፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። «አንድ ወሬ ይበቃል፤ አንዲት ፎቶ ትበቃለች። ያኔ ብርቄ እዚያው አርጅታ ትሞታለች» ይለን ነበር። ስለዚህ ዝም አልሁ።

ሕመሙ የጀመረው ከምላሴ ነው። ያቭኔ በሚገኝ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርሁ። ምላሴ ቀላ፣ ለሰለሰ፣ በርበሬ ሲነካው እንደ ቁስል ያቃጥለኝ ጀመር። ቀጥሎ የእግሬ ጣቶች ጉንዳን እንደወረራቸው ሆኑ። ቀጥሎ መርሳት መጣ። ዕብራይስጥን ሰዎች ከጣሏቸው የትምህርት መጽሐፎች ብቻዬን የተማርሁ ሰው ነኝ፤ አንዴ የያዝሁት አይጠፋኝም ነበር። አሁን ግን ትናንት የሣልሁትን የመብራት መስመር ዛሬ ሳየው የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከቂርያት ማላኪ አውቶቡስ ማቆሚያ በነጠላ ጫማ ወደ ቤት ሄድሁ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ስገባ እናቴ ወደ ታች አየችና፣

«ሌላው ጫማህስ?» አለችኝ።

የቀኝ እግሬ ባዶ ነበር። ተረከዜን ጠርሙስ ቆርጦኝ ከደረጃው ጀምሮ ደም አንጠብጥቤያለሁ። ጫማዬ የወጣበትን አላወቅሁም፤ ጠርሙሱ የቆረጠኝንም አላወቅሁም። ደሜን እየተከተልሁ ወርጄ ጫማውን ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ አገኘሁት። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ደረጃውን ስትወለውል ደረስሁ። «ማ ፒቶም፣ ምን ጉድ ነው፣ በግ አርዳችኋል?» አለችኝ። ሳቅሁላት። ያን ቀን ነው የፈራሁት።

በጥቅምት ሐኪም ቤት ሄድሁ። የሠፈራችን ሐኪም ከሩሲያ አገር የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ደግ ነው፣ ሰው ይበዛበታል። መጀመሪያ ጫማህ ጠቦህ ነው አለኝ። ሰፊ ጫማ ለበስሁ። ሁለተኛ ጊዜ «ላሓጽ ነው» አለኝ፤ ጭንቀት ማለቱ ነው፤ ተማሪ ሁሉ እንደዚህ ይሆናል አለኝ። ጋሼ ፈረደ ደግሞ የራሱ ምርመራ ነበረው።

«ከኮምፒውተር ነው። ቀን ሙሉ ተቀምጦ እግሩ የት ይሄዳል? እግር እንደ በቅሎ ነው፤ ካልሄደበት ይረሳል።»

እናቴ ማታ ማታ እግሬን በቅቤ ታሸኝ ነበር። ቅቤው በእግሬ ይገባል እንጂ በአፌ አይገባም፤ የነቢያት ጾም ነበረ።

በሁዳዴ ሦስተኛው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ሄድሁ። ሐኪሙ ከበፊቱ ይልቅ አተኩሮ አየኝና ደም አሁኑኑ ስጥ ብሎ ወደ ታችኛው ፎቅ ላከኝ። ደም የምትቀዳው ነርስ ዓረብ ናት። አንገቷ ላይ ቀጭን ሰንሰለት አለ፤ ጫፉ ልብሷ ውስጥ ገብቷል፣ ምን እንደሆነ አይታይም። ክንዴን አስራ ጎንበስ አለችና በለሆሳስ፣

«አታ በጾም?» አለችኝ። በጾም ነህ ማለት ነው።

ደነገጥሁ። ጾም የሚለው ቃል በዕብራይስጥም ጾም እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዮም ኪፑር፣ በአይሁድ የስርየት ቀን፣ ሁሉም ይለዋል። ግን ያ ቀን ተራ ማክሰኞ ነበር። እኔ የማውቀው የዚያ ቀን ጾም የእኔ ብቻ ነበር። ሰንሰለቷን አየሁ። ክርስቲያን ናት፣ ከፊቴ ላይ አውቃኛለች፣ ወገኗ መሆኔን ስታረጋግጥ ነው ብዬ አሰብሁ።

«አዎ» አልኋት፣ ቀስ ብዬ።

«ኮል ሃካቮድ!» አለችኝ። ጎበዝ ማለቷ ነው። «ስንቱ ይረሳዋል መሰለህ።»

በአምስት ዓመት ውስጥ ስለ ጾሜ የጠየቀኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ያ «ጎበዝ» የሚለው ቃል ብዙ ቀን አበረታኝ። ጠዋት ግን ዳቦ በማርማላታ በልቼ፣ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ጠጥቼ ነበር የሄድሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ካቃተኝ ቆይቶ ነበር። እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። እሷ የምትለው ጾም ግን ከማታ ጀምሮ ውሃ እንጂ ምንም ያልቀመሰ ሰው ነው።

ውጤቱ መጣ፤ ሐኪሙ ስኳር አለብህ አለኝ። ለማረጋገጥ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ተቀዳሁ። ያችው ነርስ ናት። «እንደገና በጾም?» አለችኝ። «እስከ ፋሲካ» አልኋት። ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ይሆናል። እኔም ሳቅሁ። ጠዋት ያንኑ ዳቦ በልቼ ያንኑ ሻይ ጠጥቼ ነበር።

ስኳር በወገናችን ብዙ ሰው ስለያዘ፣ የእግር መደንዘዝም የስኳር ምልክት ስለሆነ፣ ሁሉም ነገር ልክ መሰለ። ሐኪሙን አልወቅሰውም። የጠየቀውን መለስሁለት።

ጋሼ ፈረደ ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እዚህ አገር ለመጣ ሰው ሦስት ነገር ይሰጡታል» አለ፤ «መታወቂያ፣ የማይነበብ ደብዳቤ፣ ስኳር።»

የስኳር ክኒን ጀመርሁ። ያቅለሸልሸኝ ጀመር፤ ክብደቴ ወረደ። እናቴ ከቤት ዳቦና ስኳር አጠፋችና ዶሮ እየቀቀለች ታቀርብልኝ ጀመር። «ሐኪሙ ሥጋ ብላ ብሎሃል» ትለኛለች። ወደ ክፍሌ ወስጄ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ስወጣ ከሕንፃው ሥር ላሉት ድመቶች እሰጣቸዋለሁ። እኔ ስከሳ እነሱ ወፈሩ። ፋሲካ ሲደርስም አልፈሰክሁም፤ ብርቄ እስክትመጣ ወተትና እንቁላልም አልነካም ብዬ ተሳልሁ። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ጸሎት ላይ የሆነው ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜ ነው የምጸልየው። በግንቦት ወር አንድ ቀን ጠዋት ዓይኔን እንደጨፈንሁ ወለሉ ከሥሬ ሄደና ወደቅሁ። ተነሥቼ እንደገና ጨፈንሁ፤ እንደገና ወደቅሁ። ዓይኔን ከፍቼ ስቆም እቆማለሁ፤ ለጸሎት ስጨፍን እወድቃለሁ። አራት ቀን ሞከርሁት። አራቱንም ቀን ያው ነው።

ይህን ለማን ይነግሩታል? እግዚአብሔር ከፊቱ እየገፋኝ ነው አልሁ። በውሃው ውስጥ ያልሁትን አልረሳም፣ ጾሜን አልተቀበለም አልሁ። ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ግን ከዚህ ይከፋል፤ ማንም የሚገፋኝ የለም፣ ማንም እዚያ የለም የሚል ነው። በአውቶቡስ ወደ ያቭኔ ስሄድ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ተራ ስጠብቅ፣ ሁለቱን ሐሳቦች እያመላለስሁ የቱ እንደሚሻል እመርጥ ነበር። የሚጠላኝ አምላክ ይሻላል ወይስ የሌለ? ከጎኔ የተቀመጠች አሮጊት አንድ ቀን ጉልበቴን መታ አድርጋ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ቁጥርህ ደርሷል» አለችኝ። ያን ቀን ከሰው ያገኘሁት ደግ ነገር እሱ ነው።

ደረጃ ላይ ወድቄ ቅንድቤ ሲተረተር ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ነርቭ ክፍል ጻፈልኝ። በመጀመሪያ የጠቀስሁት ክፍል ይህ ነው።

ሐኪሟ ሹካ የሚመስል ብረት ጠረጴዛው ላይ መታችና ቁርጭምጭሚቴ ላይ አቆመችው። «ሲንቀጠቀጥ ይሰማሃል?» አለችኝ። ምንም አልተሰማኝም። ጉልበቴ ላይ አደረገችው፤ ትንሽ ተሰማኝ። ከዚያ አቁማኝ ዓይንህን ጨፍን አለችኝ። እንቢ አልሁ። «ለምን?» ስትል «እወድቃለሁ» አልኋት። «እኔ እይዝሃለሁ» አለች። ጨፈንሁ፤ ወደቅሁ፤ ያዘችኝ።

«ይኸ ስም ያለው ምርመራ ነው» አለች። «እግርህ የት እንዳለ ለአእምሮህ የሚነግረው ነርቭ ሥራ አቁሟል። እስከ አሁን በዓይንህ እያየህ ነው የቆምኸው።»

አራት ቀን የእግዚአብሔር እጅ ነው ያልሁት ነገር ስም ያለው ምርመራ ሆነ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅሁም።

ከዚያ ወረቀቴን ገለጠች። «በስኳር ይህን ያህል በአጭር ጊዜ አይሆንም። ደሙ በጾም ነው የተቀዳው?»

«አዎ።»

«ከዚያ በፊት መቼ ነበር የበላኸው?»

«ጠዋት።»

«የዚያኑ ዕለት ጠዋት? ምን?»

«ዳቦ በማርማላታ። ሻይ።»

«ታዲያ በጾም አልነበርህም።»

«በጾም ነበርሁ።»

ሐኪሟ ዕብራይስጤ የከዳኝ መስሏት ወደ ወይዘሮ ዝናሽ ዞረች። ወይዘሮ ዝናሽ ግን እኔን እያየች ነበር። በአማርኛ፣

«የኔ ልጅ፣ ደሙ የተቀዳበት ወር መጋቢት ነው። በመጋቢት የምን ጾም አለ?» አለችኝ።

ጋሼ ፈረደ ከበሩ ቶሎ ብሎ፣ «የአስቴር ጾም ይሆናላ! የአስቴር ጾም ነው በላት» አለ፤ የአይሁድን ጾም ማለቱ ነው።

«አያ ፈረደ፣ የአስቴር ጾም አንድ ቀን ነው» አለች ወይዘሮ ዝናሽ፣ «ያውም ዳቦ በማርማላታ አይጾሙትም።»

 እናቴ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች። ብርቄ ትታየኝ ነበር። ዝም ብል እግሬ ይሄዳል፤ ብናገር እሷ ትቀራለች። እውነቱን ለመናገር ለማንም ብዬ አልመረጥሁም። ለእግሬ ፈራሁለት፤ ተናገርሁ።

«ሁዳዴ ነበር» አልሁ። «አምስት ዓመት ሥጋ አልበላሁም።»

ሐኪሟ «ምን አለ?» አለች።

ወይዘሮ ዝናሽ ወደ ሐኪሟ ዞረች። ከዚያ በዕብራይስጥ፣ በጣም ተራ በሆነ ድምፅ፣ «ሁ ቲቭኦኒ» አለቻት። ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አይበላም ማለት ነው።

ሐኪሟ ሳቀች፤ እፎይ ብላ የሳቀች ሳቅ ናት። «ቲቭኦኒ! እኔም ሁለት ዓመት ነበርሁ። ታዲያ ቢ አሥራ ሁለት አትወስድም? እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀህም?»

ቃሉን አውቀው ነበር። ያቭኔ ኮሌጁ ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት መስኮት ላይ ተለጥፏል፣ የክፍሌ ልጆች ግማሾቹ ነን ይላሉ። እኔ እንደ ሰማዕትነት የያዝሁት ለእሷ የምግብ ምርጫ ነበር። በዚያች አንዲት ቃል ከጥቅምት ጀምሮ መዳን እችል ነበር፤ ማንንም ሳላጋልጥ። በእኔ አእምሮ ግን ሥጋ አልበላም ማለት ክርስቲያን ነኝ ማለት ብቻ ነበር፤ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሐኪሟ ያስረዳችኝን እጽፋለሁ፤ የሚጠቅመው ይህ ነው። ቢ አሥራ ሁለት የሚባለው ቫይታሚን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል እንጂ ከምስርና ከሽሮ አይገኝም። ሰውነት ያለውን ለዓመታት ቆጥቦ ይጠቀማል፤ ሲያልቅ የነርቭ ልባስ ይላጣል፣ ልባሱ እንደተላጠ የመብራት ሽቦ። ምስርና ጎመን ደግሞ በተራ የደም ምርመራ ላይ ጉድለቱን ይሸፍኑታል። የስኳር ክኒኑም ለእኔ የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም። ስለዚህ የምትጾሙ ሰዎች፣ የምትጾሙትን ለሐኪም ተናገሩ፤ ምክንያቱን መናገር ግዴታ አይደለም። ደም ስትሰጡም «በጾም?» ካሏችሁ፣ የሚጠይቋችሁ ከማታ ጀምሮ ምን ቀመስህ ብለው ነው። ስለ ነፍሳችሁ አይደለም።

ሐኪሟ መርፌ ልታዝዝልኝ ስትጽፍ ጋሼ ፈረደና ወይዘሮ ዝናሽ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር እታገላለሁ። እናቴ ተንበርክካ እጄን ገፋችና ማሰር ጀመረች።

«እማ፣ ይቅርታ» አልኋት።

ቀና ሳትል፣ «ድመቶቹን አያለሁ እኮ፤ መስኮት አለኝ» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ?» ሁለተኛውን ማሰሪያ ሳበችው። «እኔም ተጠምቄ ነበር። እኔም ጾሜ ነበር። እዚህ የመጣን ቀን የሰጡንን ሥጋ አንተ ወደ ጎን ስታደርገው እኔ የአንተንም የእኔንም በላሁ፣ ማንም እንዳያይብህ። ከዚያ ወዲህ ዘወትር እበላለሁ። የአንተ ነፍስ ወርቅ ናት፣ የእኔ ቆርቆሮ?»

  ለአምስት ዓመት በንጽሕና የጠበቅሁትን ሆድ ከማን ጀርባ ቆሜ እንደጠበቅሁት ያን ቀን አየሁ።

መርፌው መጀመሪያ በየቀኑ፣ ቀጥሎ በየሳምንቱ፣ አሁን በየወሩ ነው። ምላሴ በሁለት ሳምንት ዳነ። ትምህርቴ ተመለሰልኝ፤ አንድ ዓመት ግን ወደ ኋላ ቀረሁ። የስኳር ክኒኑ ቆመ፤ ስኳር የለብኝም። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚት ተሰማኝ፤ ጣቶቼ አልተመለሱም። በዓመት ውስጥ ያልተመለሰው ላይመለስ ይችላል ብላኛለች ሐኪሟ። አንድ ዓርብ ከእናቴ እጅ የዶሮ ጉርሻ ተቀበልሁ። ስውጠው ምንም አልሆነም፤ የሚቀጣኝም የሚያጽናናኝም አልመጣም። አሁን የምጸልየው ተቀምጬ፣ ዓይኔን ከፍቼ ነው። አንዳንድ ቀን የሚሰማኝ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን ግድግዳውን ነው የማየው።

በመስከረም የብርቄን ፋይል የያዘው ቢሮ ምስክርነቱ ይታደስ ብሎ ጻፈ። ጋሼ ፈረደ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄደ። እናቴ ገዴራ ድረስ ሄዳ ለመነችው። «ይታይሽ፣ ያንጊዜ የፈረምሁት አምኜ ነው» አላት። «አሁን የምፈርመው አውቄ ነው። በሐሰት አታስምይኝ።»

ለብርቄ ስልክ ደውዬ ራሴ ነገርኋት።

«ማን ተናገረ?» አለች።

«እኔ።»

 ከኋላዋ የልጇ ድምፅ ይሰማል። «እግርህስ ዳነ?» አለች።

«እስከ ቁርጭምጭሚት።»

«እሽ» አለች። 

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ይጎድለኛል። ጋሼ ፈረደና ወይዘሮ ዝናሽ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ተነጋግረዋል። እኔ የሰማሁት ሁለት ቃል ነው፤ እሱ «ፋይል» ሲል፣ እሷ «ቤሰደር»፣ እሽ ማለት ነው፣ ስትል። ጋሼ፣ ሳታውቅ የፈረምህ ከሆነ፣ የአስቴር ጾም ነው በላት ያልኸኝ ለምን ነበር? እሷንስ ምን ብለህ ጠየቅሃት፣ ዝም እንድትል ወይስ እንድትናገር? ወይዘሮ ዝናሽ፣ እርስዎስ ቤሰደር ያሉት ለየትኛው ነው? እናቴም፣ ወደ እኔ እስክትመጪ በሩ አጠገብ ነበርሽ። የሰማችሁትን እናንተ ጻፉበት፤ የእኔም ስህተት ካለ አርሙት። ብርቄ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ ይህንን ነው።